ተማሪው የሙያ መስክ ሲመርጥ መምህሩ የት ነው?

በየትምህርት ዘመኑ ተማሪ ሁሉ ወረቀት ይዞ የሚንከራተትበት አንድ ወቅት አለ። አሥረኛ ክፍልን ሲጨርስ «ተፈጥሮ ሳይንስ ልግባ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ?» ይላል። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ሲያልፍ «የትኛውን ዩኒቨርስቲ ላስቀድም?» ይላል። ዩኒቨርስቲ ገብቶ የመጀመሪያውን ዓመት እንዳገባደደ ደግሞ «የትኛውን የትምህርት ክፍል አንደኛ አድርጌ ልሙላ?» የሚለው ይመጣል። ጥያቄው ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፤ ብዙውን ጊዜ መልስ የሚሰጡት ግን ጎረቤት፣ የክፍል ጓደኛና የአጎት ልጅ ናቸው። መምህሩስ? መምህሩ ውጤት ደምሮ፣ ካርድ አድሎ ወደ ቤቱ ሄዷል።

ይህ ነገር የዩኒቨርስቲ አማካሪዎች ጉዳይ ነው እንጂ ለአንደኛና ለመካከለኛ ደረጃ የምንሠለጥነውን አይመለከትም የሚል ሠልጣኝ ይኖር ይሆናል። እኛ እንዲያ አይመስለንም። አሥረኛ ክፍል ደርሶ «እኔ ሒሳብ አይሆንልኝም» የሚለው ልጅ ይህን የቆረጠው አሥረኛ ክፍል ሲደርስ አይደለም፤ አምስተኛ ክፍል ሳለ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲሳቅበት ነው። ወረቀቱ ላይ የሚሞላው ምርጫ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በፊት በእኛ ክፍል ውስጥ ተጀምሯል ማለት ነው። ስለሆነም ነገሩን ከሥሩ እንየው።

«ነጥቤ እንዳይባክን»

ተማሪዎች የትምህርት ክፍል የመረጡበትን ምክንያት ሲጠየቁ ከሚሰጡት መልስ ሁሉ የተለመደው ይህ ነው። ጥሩ ውጤት ያመጣች ልጅ «ታሪክ ማጥናት እፈልጋለሁ» ብትል ቤተሰብ «በዚህ ነጥብ?» ይላል። ነጥብ እንደ ገንዘብ ታይቷል ማለት ነው። ብዙ ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ርካሽ ዕቃ ይዞ ሲመለስ እንደሚታማ፣ ከፍ ያለ ነጥብ ይዞ ዝቅ ያለ ነጥብ ወደሚቀበል ክፍል መግባትም እንደ ኪሳራ ይቆጠራል።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የአንድ የትምህርት ክፍል መግቢያ ነጥብ ከፍ የሚለው ለምንድን ነው? ትምህርቱ ስለከበደ ወይም ሙያው ስለከበረ አይደለም። ቦታው መቶ ሆኖ ፈላጊው አምስት መቶ ስለሆነ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፈላጊው ፊቱን ወደ ሌላ ቢያዞር ነጥቡም ተከትሎ ይሄዳል። እንግዲህ ነጥብ አይቶ መምረጥ ማለት ሌላው የመረጠውን አይቶ መምረጥ ነው፤ ያ ሌላውም እንዲሁ ሌላውን አይቶ ነው የመረጠው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚባለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ሐኪም ወይም መሐንዲስ መሆን አይገባም እያልን አይደለም። አገር ሐኪም ትፈልጋለች። ጥያቄያችን ደም ሲያይ የሚያዞረው፣ ሌሊት መንቃት የሚጠላ፣ ከሰው ሥቃይ ጋር መዋል የማይችል ልጅ ነጥቡ ስለደረሰ ብቻ ሕክምና ሲገባ ማነው የሚጠቀመው የሚል ነው። በሽተኛው አይጠቀም፤ ልጁም አይጠቀም።

የመምህርነት ቦታ ከዝርዝሩ ግርጌ የሚሞላውም በዚሁ ሚዛን መሆኑን አንዘንጋ። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ወደዚህ እንመለስበታለን።

ከየት የመጣ ልማድ ነው?

በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ሲጀመር «መማር» እና «የመንግሥት ሥራ» አንድ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ዋና ዓላማ ቋንቋ የሚያውቁ፣ መንግሥትን የሚያገለግሉ ሰዎችን ማፍራት ነበር። ተማሪው ምን እንደሚሆን መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ከተማረ ቦታው ይታወቃል። በሌላ በኩል የእጅ ሙያ የተናቀ ነበር። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ዕቃቸው ይፈለጋል፤ ስማቸው ግን ስድብ ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ሆኖም ዛሬም «ካልተማርክ ጋራዥ ነው የምትገባው» እያልን ልጅ እናስፈራራለን። ጋራዥ የሚገባው ሰው ሥራውን ሳይማር የሚሠራው ይመስል!

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ሆነ። ያኔ ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ ለርዕሳችን የሚጠቅመው በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርስቲ አገልግሎት ነው። ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ ይሠሩ ነበር፤ የሚበዙትም የተመደቡት በአስተማሪነት ነው። ዓላማው አገልግሎት ነበር እንጂ የሙያ ምርጫ አልነበረም። ውጤቱ ግን ሌላም ነገር ጨመረ፤ ከመጻሕፍትና ከዶርሚተሪ ወጥቶ ሥራ የሚባለውን ነገር በአካል ማየት። በመሐል አንድ ዓመት ሠርቶ ተመልሶ ትምህርቱን የሚጨርስ ሰው «እኔ ለምን እሆናለሁ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከክፍል ወደ ክፍል ብቻ ሲሸጋገር ከኖረው የተለየ ነው። ዛሬ የሥራ ልምምድ በሚል ስም ለጥቂት ሳምንታት የምንልከው ተማሪ ያንን ያህል የሚያይ አይመስለንም።

በደርግ ዘመን ተመራቂው ሥራ አይፈልግም፤ ይመደብ ነበር። ጥቅሙም ጉዳቱም ይታወቃል፤ አናብራራውም። ከዚያ በኋላ ምደባው ሲቀር ሥራ የመፈለጉ ሸክም በተመራቂው ትከሻ ላይ ወደቀ፤ እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስተምር ግን አልተጨመረለትም። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ 70 በ30 የሚባለው ድልድል መጣ። ከመቶ ተማሪ 40 ወደ ምሕንድስናና ቴክኖሎጂ፣ 20 ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ 5 ወደ ጤና፣ 5 ወደ ግብርና፣ 20 ወደ ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ፣ 10 ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ትምህርት እንዲገቡ የታሰበበት ነበር። የአገር ዕቅድ እንዲህ ያለ ቁጥር ሊያስፈልገው ይችላል፤ ክርክራችን ከዚያ ጋር አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩ ሲወጣ ልጁን «አንተስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብሮ መመደብ ነበረበት። ቀርቶ የነበረው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ፍሬሽማን የምንለው፣ በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። ሥነ ልቡና፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ሥነ አመክንዮ፣ ሒሳብ፣ አንትሮፖሎጂ ሁሉም በየጊዜው ይቀመሳሉ። መልካም ዕድል ነው። ጉድለቱ ተማሪው ዓመቱን የሚያየው እንደ መቅመሻ ሳይሆን ነጥብ እንደ ማጠራቀሚያ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች፣ ማለትም ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆነ። በማካካሻ ትምህርት የገቡትን ብንጨምርም፣ ስለ ሙያ ምርጫ ስናወራ ስለ ዩኒቨርስቲ ብቻ የምናወራ ከሆነ አብዛኛውን ልጅ ረስተን እያወራን ነው።

ሦስቱ እርምጃዎች

የሙያ ምርጫን በሥርዓት ማማከር ከጀመሩት ሰዎች ቀዳሚ ሆኖ የሚጠራው አሜሪካዊው ፍራንክ ፓርሰንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በቦስተን ከተማ የሙያ ምክር ቢሮ ከፈተ፤ በዚያው ዓመት ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የፓርሰንስ ሐሳብ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ራስህን ዕወቅ፤ ሁለተኛ ሥራዎቹን ዕወቅ፤ ሦስተኛ ሁለቱን አገናኝተህ በእውነት አመዛዝን። ከእርሱ በኋላ የመጡት ምሁራን ብዙ ጨምረዋል፤ ይህን ሥር ግን አልነቀሉትም።

ከጨመሩት አንዱ ጆን ሆላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ባቀረበው ሐሳብ የሰውን ዝንባሌና የሥራን ጠባይ በስድስት ከፍሎ ያያል። በእኛ አነጋገር ብናስቀምጠው፣ የተበላሸ ሬዲዮ ሳይፈታ የማያድር አለ፤ «ለምን?» እያለ ነገር የሚመረምር አለ፤ ሥዕልና ዜማ የሚስበው አለ፤ የታመመ ጠያቂ፣ ሰነፍ አስጠኚ፣ የሰው ነገር የሚገደው አለ፤ አግባብቶ የሚሸጥ፣ ሰው አሰባስቦ የሚያንቀሳቅስ አለ፤ ደብተሩን በሥርዓት የሚይዝ፣ የዕድር ሒሳብ ቢሰጡት ሳንቲም የማይጎድልበት አለ። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» እንዲሉ ከአንድ ቤት ስድስቱም ሊወጡ ይችላሉ። አንድ ሰውም አንዱን ብቻ አይሆንም፤ ሁለት ሦስቱን ይቀላቅላል። ሙያ የሚያረካው የሰውየው ዝንባሌና የሥራው ጠባይ ሲቀራረቡ ነው ይላል ሆላንድ።

ከዚህ ተነሥተው የተዘጋጁ መጠይቆች አሉ። ይጠቅማሉ፤ ግን እንደ ሚዛን ድንጋይ አንያቸው። «ሙዚየም መጎብኘት ትወዳለህ?» ተብሎ የተጠየቀ፣ ሙዚየም አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ «አልወድም» ቢል ዝንባሌውን ነገረን ወይስ የኑሮውን ሁኔታ? መጠይቅ የሚለካው ሰው ካየው ውስጥ የወደደውን ነው። ያላየውን አይለካም። ስለዚህ ለእኛ ተማሪ ከመጠይቁ በፊት ማሳየት ይቀድማል።

ዶናልድ ሱፐር የተባለው ሌላው ምሁር ደግሞ ሙያ መምረጥ የአንድ ቀን ሥራ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ጉዞ ነው ብሎ፣ ከዐሥራ አራትና ከዐሥራ አምስት ዓመት ጀምሮ እስከ ሃያ አራት ዓመት ገደማ ያለውን ጊዜ የፍለጋ ዘመን ይለዋል። የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ «ገና አላወቅሁም» ሲል እንግዲህ ሰነፍ አይደለም፤ በጊዜው ላይ ነው ያለው።

ስም ሲያሳስት

ተማሪ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ የትምህርት ክፍሉን ሳይሆን ስሙን ነው። ማኔጅመንት የገባ ልጅ ሲመረቅ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የሚቀመጥ ይመስለዋል። ሊንጉስቲክስ የገባችው ብዙ ቋንቋ መናገር የምትማር መስሏት ነበር፤ የጠበቃት ግን የድምፅ አፈጣጠር፣ የቃል አመሠራረትና የዐረፍተ ነገር አወቃቀር ነው። ሳይኮሎጂ የሰውን ሐሳብ ማንበብ የሚያስተምር መስሎት የገባው ስታትስቲክስና የምርምር ዘዴ ሲመጣበት ይደነግጣል። ጂኦሎጂ የመረጠ ሰው ድንጋይ፣ ካርታ፣ መዶሻና ፀሐይ እንደሚጠብቁት ያወቀ እንደሆነ ይደሰትበታል፤ ቢሮ ያሰበ እንደሆነ ያለቅሳል። ጂኦግራፊ የዋና ከተማ ስም መሸምደድ የሚመስለው፣ ዛሬ በሳተላይት ምስልና በኮምፒውተር ካርታ የሚሠራውን ሥራ አያውቅም። ኮምፒውተር ሳይንስን የኮምፒውተር ጥገና የሚያደርገውም ብዙ ነው። ስታትስቲክስን እንተወው፤ ብዙ ተማሪ በስሙ ብቻ ይሸሸዋል። ሆኖም የሰብል ምርት የሚገመተው፣ የአዲስ መድኃኒት ፍቱንነት የሚፈተነው፣ የሕዝብ ቆጠራ የሚተነተነው በዚሁ ነው።

ለዚህ የሚሆን ርካሽ መድኃኒት አለ። ፍሬሽማን ተማሪ ለሚያማክር መምህር የምንመክረው ይህን ነው፤ ተማሪውን ወደሚያስበው የትምህርት ክፍል ሰድዶ የሦስተኛ ዓመት ኮርሶችን ዝርዝር እንዲያመጣ ማድረግ። የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ የትም ተመሳሳይ ነው፤ የክፍሉ እውነተኛ መልክ የሚታየው ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። ከዚያ አንዱን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ወስዶ ሃያ ገጽ ያንብብ። ባይገባው ግድ የለም፤ ገና ነውና አይገባውም። ጥያቄው «ይህን መረዳት እፈልጋለሁ ወይ?» የሚል ነው። እንቅልፍ ካመጣበት ያም መልስ ነው። ከዚህ በላይ ጊዜ ያለው፣ አስፈቅዶ አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ከሦስተኛ ዓመቶች ጋር ተቀምጦ ያዳምጥ። ሰው ሲጠይቅም የሁለተኛ ዓመቱን ሳይሆን የመጨረሻ ዓመቱን ተማሪ ይጠይቅ፤ የሁለተኛ ዓመቱ ገና ራሱን እያጽናና ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ፍላጎት ሳይኖር «እንዲያው ዲግሪ ልያዝ» ብሎ መግባት ዋጋው ከድሮው ጨምሯል።

ለመካከለኛ ደረጃ የሚሆን አንድ የቤት ሥራ

ወደ እኛ ክፍል እንምጣ። ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ለምታስተምሩ፣ በሁለት ክፍለ ጊዜና በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ሥራ እናቀርባለን። ገንዘብ አይጠይቅም።

መምህሩ አስቀድሞ በአካባቢው ዞር ዞር ብሎ ዐሥራ አምስት ያህል ባለሙያዎችን ያስፈቅዳል፤ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ የቀበሌ ጸሐፊ፣ የጋራዥ መካኒክ፣ የግብርና ባለሙያ፣ ንብ አናቢ፣ ሹፌር፣ አናጢ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ የከብት ሐኪም፣ ባለ ሱቅ፣ የፎቶግራፍ ባለሙያ፣ መምህር። ተማሪዎች ሦስት ሦስት ሆነው በዕጣ ይደርሳቸዋል። ዕጣ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምረጡ ካልናቸው ሁሉም ነርሷ ዘንድ ይሰለፋሉ።

ጥያቄዎቹ ወሳኝ ናቸው። «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አንድ መስመር ይዞ ይመለሳል። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን ሠሩ?» ብሎ የጠየቀ ግን ሥራውን ራሱን ይዞ ይመጣል። ልብስ ሰፊው ደንበኛ ሲጠብቅ፣ መብራት ሲጠፋበት፣ ቀጠሮ አሳልፎ ሲሰደብ፣ ትርፍራፊ ጨርቅ ሲያጣጥፍ ይታየዋል። ቀጥሎ «ይህን ሙያ ከማን ተማሩ? ስንት ጊዜ ፈጀ?» ይባላል። «ከሥራዎ የሚያሰለችዎ የቱ ነው? የሚያስደስትዎስ?» ይባላል። ገቢን በቀጥታ መጠየቅ በአገራችን ነውር ነው፤ ይልቅ «ዛሬ የሚጀምር ሰው በዚህ ሥራ ኑሮውን ይችላል?» ማለት ይሻላል፤ ሰውየው የፈለገውን ያህል ይነግራል። መጨረሻ ላይ «የትኛው የትምህርት ዓይነት ጠቀመዎ?» ይጠየቅ። አናጢው ስለ ማዕዘንና ስለ ስፋት ሲናገር የሰማ ልጅ የሒሳብ አስተማሪው ዓመቱን ሙሉ ቢለፈልፍ የማያገኘውን ያገኛል።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ዘገባ ያቀርባሉ። እዚህ ላይ መምህሩ ዓይኑን ይክፈት። ሸማኔውን ጠይቆ የመጣው ልጅ ሲናገር የሚስቅ ይኖራል፤ ከሳቂዎቹ አጠገብ ደግሞ የሸማኔ ልጅ ተቀምጦ ይሆናል። ሳቁን በዝምታ ያለፈ መምህር የትምህርቱን ዓላማ በአንድ ደቂቃ አፈረሰው። መቆጣትም ብቻውን አይበቃም። የሚሻለው ሥራውን ማስቆጠር ነው፤ ድሩ እንዴት ይወጠራል? ለአንድ ጋቢ ስንት ቀን ይሄዳል? ጥለቱን በልቡ ይዞ ነው ወይስ ጽፎ? ዕውቀቱ ሲዘረዘር ሳቁ በራሱ ይከስማል።

ስለ ሴት ልጆች አንድ ቃል። «ለሴት ልጅ ይህ ይሻላታል» የሚለውን ምክር ከመምህር አፍ መስማት አይገባም። ዕጣው ለሁሉም እኩል ይውጣ፤ መካኒኩ ዘንድ ሦስት ልጃገረዶች ቢደርሳቸው አይለወጥ። አካል ጉዳተኛ ተማሪ ካለም «ይህ አይሆንለትም» ብሎ የሚወስንለት አይኑር፤ ባለሙያውን ራሱ ይጠይቀው።

ምርጫው ያልደረሰው

እስከ አሁን ያወራነው ስለሚመርጥ ተማሪ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ብዙው ተማሪ አንደኛ ብሎ የሞላው አይደርሰውም። ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ብሎ የሞላው ይደርሰዋል። የመምህር ምክር የሚፈተነው እዚህ ነው፤ የደረሰውንማ ማን አቃተው፣ እንኳን ደስ ያለህ ይበቃዋል።

ለዚህ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት «ሁሉም ለበጎ ነው» ማለት ይብሱን ያርቀዋል። ይዘን ይተውት። ቀጥሎ ሊደረግ የሚገባው ደረቅ ሥራ ነው፤ የዝውውር ደንቡ ምን ይላል? ማመልከቻው መቼ ያልቃል? ሬጅስትራር ሄዶ ራሱ ይጠይቅ፤ ወሬ አይመን። ብዙ ልጅ ዕድሉን የሚያጣው ደንቡ ስለከለከለው ሳይሆን ቀኑ ስላለፈበት ነው።

ዝውውሩ ካልሆነስ? ያኔ መምህሩ ሊያስረዳው የሚገባው የትምህርት ክፍልና ሙያ አንድ አለመሆናቸውን ነው። በተመረቀበት ስም ብቻ ሲሠራ ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ጥቂት ነው። ሕክምና ፈልጎ ስታትስቲክስ የደረሰው ልጅ የበሽታ ስርጭትን የሚያጠኑ ሰዎች በቁጥር እንደሚሠሩ ይወቅ፤ በሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሕዝብ ጤና የሚሻገርበት በር አለ። ጋዜጠኛ መሆን ፈልጎ ታሪክ የደረሰችው፣ ምንጭ ማመሳከርና ጊዜን በቅደም ተከተል ማስያዝ የጋዜጠኛም ሙያ መሆኑን ትረዳ። ከደረሰው ክፍል ውስጥ ወደ ልቡ የሚቀርበውን ጥግ እንዲፈልግ መርዳት ነው ነገሩ። ጥግ የማይገኝበትም ጊዜ አለ፤ ያኔ ቆርጦ ወደ ቴክኒክና ሙያ መሄድን፣ ወይም ፈተናውን ደግሞ መውሰድን እንደ ውርደት ሳናይ አብረን እንመዝንለት።

ስለ ራሳችን

አሁን ወደ ተውነው ነገር እንመለስ። በዚህ ተቋም ግቢ መምህርነትን አንደኛ ብላችሁ ሞልታችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ሌላ ፈልጋችሁ ነጥብ ያመጣችሁም አላችሁ። በሁለተኛ ደረጃ መምህርነትም እንዲሁ ነው፤ በ2000ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው ከዲግሪ በኋላ የሚሰጥ የማስተማር ዲፕሎማ ሙያውን ወድደው የሚመጡትንም፣ ሌላ ሥራ ያጡትንም በአንድ በር አስገብቷል። ይህን መደባበቅ አይጠቅምም። የሚያሳስበን ሳይመርጥ የመጣው መምህር ክፍል ገብቶ ስለ ሙያ ምን ይናገራል የሚለው ነው።

አንደኛው መጥፎ መንገድ ሁላችንም ተማሪ ሳለን የሰማነው ነው፤ «ካላጠናችሁ እንደ እኔ አስተማሪ ሆናችሁ ትቀራላችሁ!» ለመቀስቀስ ተብሎ የሚነገር ነው፤ ክፍሉም ይስቃል። ነገር ግን ከኋላ ወንበር ላይ አስተማሪ መሆን የምትመኝ አንዲት ልጅ ተቀምጣ ነበር። ሁለተኛው መጥፎ መንገድ የሻማው ስብከት ነው፤ መምህር እየቀለጠ የሚያበራ ሻማ ነው የሚባለው። በክብረ በዓል ላይ ያምራል። ሙያ ለሚመርጥ ልጅ ግን ምክር አይደለም፤ ቅለጥ ተብሎ ሥራ የሚመርጥ ማን ነው?

በእኛ አስተያየት መምህሩ ራሱም እንደ አናጢውና እንደ ነርሷ በቤት ሥራው ዝርዝር ውስጥ ይግባና ይጠየቅ። ልጆቹ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠሩ?» ይበሉት። ስልሳ ደብተር ማረሙን፣ ደመወዙ ወር አለመድረሱን፣ የቤት ኪራዩን ይናገር። የማይገባው የነበረ ልጅ ድንገት ዓይኑ ሲበራ ያየበትን ክፍለ ጊዜም ይናገር። ሁለቱንም ሰምቶ መምህርነትን የሚመርጥ ልጅ ዐውቆ የመረጠ ነው፤ ሰምቶ የተወውም ዐውቆ የተወ ነው።

ሳይመርጡ ለመጡትም በሙያው ውስጥ ፍለጋው አልተዘጋም። ከትንንሾቹ ጋር መዋል የሚሆንለትና ከታዳጊዎቹ ጋር የሚግባባው አንድ አይደሉም። ልዩ ፍላጎት ትምህርት፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር፣ የትምህርት መሣሪያ ማዘጋጀት፣ ርዕሰ መምህርነት፣ የመጽሐፍ ዝግጅት፣ እያንዳንዱ የተለየ ጠባይ ያለው ሥራ ነው። የተግባር ልምምድ የሚባለው ጊዜ ለዚህ ነው እንጂ ፎርም ለማስፈረም ብቻ አይደለም። አስተባባሪ መምህራንም ሠልጣኙን ልምምዱን ሁሉ በአንድ ክፍል ከማስጨረስ ይልቅ በተለያየ የክፍል ደረጃ ቢያዘዋውሩት መልካም ነው እንላለን።

በመጪው የተግባር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ የምትወጡ ሠልጣኞች ከላይ የተገለጸውን የቤት ሥራ እንድትሞክሩት እንጠይቃለን። የጥያቄዎቹ ዝርዝር ለመገልበጥ እንዲመች ከዚህ ጽሑፍ ሥር ተለጥፏል። ባለሙያዎቹን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ከገበያ ቀን ሌላ ቀን ምረጡ። ስትመለሱ ከተማሪዎቹ ዘገባ ሁለት ሁለቱን ይዛችሁ ኑ፤ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እናወጣቸዋለን። የተጠያቂዎቹን ስም ግን አትጻፉ፤ ሙያቸውን ብቻ።